ሕመምተኛን ስለ ማንሣት



በአገራችን የታመመ ሰው ሲጠየቅ የሚነገረው ቃል የታወቀ ነው። ጠያቂው ከደጃፉ ጀምሮ «እግዚአብሔር ይማርህ» እያለ ይገባል፤ ሕመምተኛው አክብሮቱን ለማሳየት ከትራሱ ቀና ሲል ግን የተሰበሰበው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ኧረ ተኛ፣ ኧረ በእግዜር፣ እንዳትነሣ» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ ቃል ከፍቅር የሚወጣ ስለ ሆነ ማንም አይነቅፈውም፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገረው ኖሬአለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ይኸው የፍቅር ቃል በገዛ እናቴ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አየሁ። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ አንዲት ወጣት ባለሙያና ስለ ሥራዋ፣ ከዚያም ይልቅ እኔ አስተማሪዋ የነበርሁት ሰው ከእርሷ ስለ ተማርሁት ነገር ላጫውታችሁ ወደድሁ።

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ሲሆን ከእኔ ጋር በገርጂ ትኖራለች። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ዝናብ ባረጠበው የበረንዳ ደረጃ ላይ እግሯ ከድቷት ወደቀች። በምሥራቅ አዲስ አበባ ካሉት ሐኪም ቤቶች ወደ አንዱ ወስደናት ራጅ ስትነሣ የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ አጠገብ ተሰብሮ ተገኘ። ሐኪሞቹም ቀዶ ሕክምና አድርገው የተሰበረውን አጥንት በብረት አያያዙት። ሥራቸው የተሳካ ስለ ነበር እኔና እኅቴ እግዚአብሔርን አመስግነን፣ ከእንግዲህ የቀረው ማረፍና ማገገም ብቻ ነው ብለን ተጽናናን።

በማግሥቱ ጧት ሦስት ሰዓት ሲሆን ነጭ ጋውን የለበሰች አንዲት ወጣት ወደ አልጋው ቀረበች። ፊቷን አይቼ ሳልጨርስ «መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ እጅ ነሣችኝ። በሰባተኛ ክፍል አስተምሬአት ነበር። አሁን ፊዚዮቴራፒ ተምራ ከተመረቀች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ተኝተው በሚታከሙ ሰዎች ክፍል ከአንዲት አንጋፋ ባለሙያ ሥር ሆና ሥራውን በመልመድ ላይ ያለች ናት። ስሟን እንዳልጽፍ ስለ ጠየቀችኝ ወጣቲቱ እያልሁ እጠራታለሁ።

ወጣቲቱ ወደ እናቴ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ዛሬ ቀስ ብለን አልጋው ጠርዝ ላይ እንቀመጣለን፤ ከተመቸዎትም ቆም ብለን እናያለን» አለቻት። እናቴ በፍርሃት ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም ተቆጥቼ «ምን ማለትሽ ነው? ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት፣ ቁስሏ እንኳ ሳይደርቅ ዛሬ ትቁም ትያለሽን? ተያት፣ ትረፍ» አልሁ። ወጣቲቱ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከከፈተች በኋላ መልሳ ዝም አለች። ዐንገቷን ደፍታም «እሺ መምህር» ብላ ሄደች። እኔም እናቴን ከክፉ ነገር ያዳንሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ደግማ ብትመጣ እኅቴ «እንቅልፍ ወስዷታል፣ አትቀስቅሻት» ብላ መለሰቻት።

በሦስተኛው ሌሊት እናቴን ትኩሳት ያዛት፤ ትንፋሿም ያጥር ጀመር። ትቃዥም ነበር፤ ከሞተ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነውን አባቴን በስሙ እየጠራች «በሩን ክፈቱለት» ትል ነበር። ተረኛው ሐኪም ደረቷን ካዳመጠና ካስመረመረ በኋላ የሳንባ ምች መሆኑን ነገረን። ወዲያው ኦክሲጅን ተደረገላት፤ መድኃኒትም በደም ሥሯ ይሰጣት ጀመር። ምቹ የመጣው በመተኛቷ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ዕድሜዋም፣ ስብራቱም፣ ቀዶ ሕክምናውም የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። ዳሩ ግን ለምች በር ከሚከፍቱት ነገሮች አንዱን በገዛ እጄ የከፈትሁት እኔ መሆኔን ያን ሌሊት ገና አላወቅሁም ነበር።

ሲነጋ ወጣቲቱ ከአለቃዋ ጋር መጣች። በዚህ ጊዜ ዐንገቷን አልደፋችም። በመተላለፊያው ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀምጣ «መምህር፣ በመጀመሪያው ቀን ልነግርዎ የሚገባኝን ዛሬ ልንገርዎ» ብላ ጀመረች። የነገረችኝንም እነሆ በአጭሩ እጽፍላችኋለሁ።

ሰው ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ሲውል የሳንባው የታችኛው ክፍል በሚገባ አይነፋም፤ አክታም በዚያ ይጠራቀማል፤ ሕመምተኛው የቁስሉን ሥቃይ ፈርቶ ካልሳለ ደግሞ የተጠራቀመው አይወጣም። በእግር ያለው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የደም ሥሩን እየጨመቀ ስለሚረዳው ነው፤ እግር ሥራ በፈታ ጊዜ ደሙ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ተረከዝና የወገብ ግርጌ ለረዥም ሰዓት ከፍራሹ ጋር ሲጫኑ ቆዳው ደም አጥቶ ይቆስላል። ሰውነትም ሲቆሙ ደምን ወደ ራስ የመላክን ልማድ ይረሳል፤ ብዙ ቀን የተኛ ሰው ድንገት ሲነሣ ዓይኑን ጨለማ የሚጋርደው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ የጡንቻው ነገር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ ታትሞ በወጣ አንድ ጥናት፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው 12 አረጋውያን በፈቃዳቸው ለ10 ቀን በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። በዐሥረኛው ቀን ሲመረመሩ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ የሚያህል ሥጋ ቀንሶ ተገኘ። አንድ ኪሎ ሥጋ ስንት እንደ ሆነ የቤት እመቤቶች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ጤነኛው በዐሥር ቀን ይህን ያህል ካጣ፣ የታመመውና ምግብ የዘጋው ምን ያህል ያጣ ይሆን? ሽማግሌ ወይም አሮጊት በስብራት ገብተው፣ ስብራቱ ድኖ ሳለ መራመድ አቅቷቸው የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ ከዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ በማግሥቱ ማንሣት የሚመከረው ሐኪሞች ስለ ጨከኑ አይደለም።

በአልጋ ላይ አኳኋንን መለወጥ ራሱ ሕክምና እንደሚሆን ብዙ የአዲስ አበባ ሰው የሰማው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ነበር። በዚያን ወቅት በምሥራቅ በኩል ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ በቦሌም ለሠርግና ለጉባኤ እናውቀው የነበረው የሚሌኒየም አዳራሽ፣ የሕሙማኑ ማከሚያ ሆነው ነበር። በዓለም ዙሪያም ሐኪሞች ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በሆዱ እያስተኙ አየር ወደ ጀርባው ሳንባ እንዲደርስ ያደርጉ ነበር። ወጣቲቱ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበረች፤ አንድን ሰው በማገላበጥ ብቻ ትንፋሹን ማገዝ እንደሚቻል መስማቷ ልቧን ወደ ሐኪም ቤት ሥራ እንደ ሳበው ነግራኛለች።

ፊዚዮቴራፒ የሚለው ስም ከጽርእ ቋንቋ የወጣ ሲሆን ተፈጥሮንና ሕክምናን የሚያመለክቱ ሁለት ቃላት ጥምር ነው። ሙያው ማኅበር ሆኖ ከተቋቋመባቸው ቦታዎች አንዷ ለንደን ናት፤ በዚያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. አራት ነርሶች መሠረቱት። ኋላም የዓለም ጦርነቶች ቁስለኞችና የፖሊዮ በሽታ ያሽመደመዳቸው ሕፃናት ሙያውን አሰፉት። በአገራችን በ1947 ዓ.ም. የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን በተከፈተው በጎንደሩ ኮሌጅ፣ እርሱም ዩኒቨርሲቲ ለመሆን ባደገው፣ በ1990ዎቹ ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ደረጃ ይሰጥ ጀመር። እንግዲህ ሙያው በእኛ ዘንድ ገና ወጣት ነው።

ሕዝቡ ግን ከዚያ በፊት ወጌሻን ያውቃል። በእግር ኳስ ሜዳም ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚገባውን ሰው ወጌሻ ይለዋል። ስለዚህ በክፍሉ የተኙት እናቶች ወጣቲቱን ሲያዩ «ወጌሻዋ መጣች» ይላሉ፤ እርሷም አትከፋበትም። ዳሩ ግን የእርሷ ሥራ ማሸትና አጥንት መመለስ አይደለም። ልቡ፣ ሳንባው፣ ነርቩና ጡንቻው በአንድነት የተናጋበትን ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ በር፣ ከበርም ወደ ቤቱ ማድረስ ነው።

እናቴ ከዳነች በኋላ ወጣቲቱን በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ሻይ ጋብዣት ስለ መጀመሪያው ዓመቷ ጠየቅኋት። «በትምህርት ቤት የጡንቻውን ሁሉ ስም በቃል ወጥቼዋለሁ፤ በክፍሉ ያለው ሰው ግን ግሉኮስ በክንዱ፣ ካቴተር በጎኑ፣ ኦክሲጅን በአፍንጫው ይዞ፣ ዙሪያውንም አምስት አስታማሚ ከቦት ነው የሚጠብቀኝ» አለችኝ። ማንንም ከመንካቷ በፊት ካርዱን ታነባለች፤ ሐኪሙ በተሰበረው እግር ላይ ምን ያህል ክብደት እንደ ፈቀደ ታያለች፤ ትኩሳቱን፣ የልቡን ምት፣ የደም ግፊቱን፣ የደሙን ኦክሲጅን ትመለከታለች፤ ባቱ ያበጠና የጋለ እንደ ሆነ ታስተውላለች። ከዚያ በኋላ አስቀምጣ እግሩን ከወለሉ ታስነካዋለች፤ ትጠብቃለች፤ እንደ ገና ግፊቱን ትለካለች። ለመቆም የሚፈጀው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጥ ሲሆን ለዝግጅቱ ሩብ ሰዓት የሚያልፍበት ቀን አለ።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ጎልማሳ በእጇ ላይ ራሱን ሊስት ደረሰ። ላብ አጠመቀው፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ እንደ ምንም ብላ መልሳ አስቀመጠችው። እጇ እየተንቀጠቀጠ ሳለ አለቃዋ «ከማላቡ በፊት ምን አየሽ?» ስትል ጠየቀቻት። ወጣቲቱ ብታስብ ብታስብ ሰውዬው ሲያጫውታት ቆይቶ በድንገት ዝም ማለቱ ትዝ አላት። አለቃዋም «ማዞር የጀመረው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወሬውን ያቆማል። ከእንግዲህ ስታቆሚ አጫውቺ፤ ዝም ሲልሽ አስቀምጪ» አለቻት። ይህን የመሰለው ዕውቀት ከመጽሐፍ ይልቅ በአለቃ እግር ሥር ይገኛል። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ዜማን ከየኔታ አፍ ስንቀበል የምናውቀው ነገር ነው።

ወጣቲቱ ከተማረችው ሁሉ አንዱ ደግሞ አለማንሣት ነው። ማንሣት ጥሩ ነው ሲባል ቶሎና አብዝቶ ማንሣት ይበልጥ ጥሩ የሚመስለው ሰው ይኖራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በ104 የጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳሉ ቀደም ብለው እንዲንቀሳቀሱ ከተረዱት 59 በመቶው ራሳቸውን ችለው ከሐኪም ቤት ሲወጡ፣ ከሌሎቹ ግን 35 በመቶው ብቻ እንደ ነበሩ አሳይቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር በ2,104 የአንጎል ደም ሥር ሕሙማን ላይ የተደረገው ሰፊ ጥናት ግን፣ ከ24 ሰዓት በፊት አብዝቶ ማንሣት ከሦስት ወር በኋላ የሚገኘውን ውጤት ጥቂት ዝቅ እንዳደረገው አመለከተ፤ ቁጥሩም 46 በመቶ ከ50 በመቶ ጋር ነበር። እንግዲህ ማንሣትም እንደ መድኃኒት መጠን አለው። ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳል፤ መጠኑን የሚያውቀው ደግሞ የተማረና ሕመምተኛውን በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

ሻዩን ጠጥተን ልንነሣ ስንል ወጣቲቱ የሆዷን ነገረችኝ። «መምህር፣ በመጀመሪያው ቀን ሲቆጡኝ ልክ አለመሆንዎን አውቅ ነበር። ነገር ግን እርስዎን ስላከበርሁ ዝም አልሁ፤ ዝም በማለቴም እናትዎን ጎዳሁ። ለአለቃዬ ብነግራት፣ ክብርሽ በአነጋገርሽ ይታይ እንጂ በዝምታሽ አይታይ አለችኝ» አለች። ይህን ስሰማ ሻዩ በጉሮሮዬ ቆመ። በክፍሌ ውስጥ ዝም የሚለውን ልጅ ጨዋ፣ የሚጠይቀውን ደፋር እያልሁ ያሳደግሁ እኔ ነኝ። ያን ጧት የእናቴን ደኅንነት የሚመለከት ቃል በወጣቲቱ አፍ ውስጥ እንዲቀር ያደረገው ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ያስተማርኋት ትምህርት ነበር። እርሷ «አጠፋሁ» አለችኝ፤ እኔ ግን ከጥፋቱ የሚበልጠውን ድርሻ ለራሴ ወሰድሁ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ትኩሳቷ ከበረደ በኋላ ወጣቲቱ በየቀኑ እየመጣች አስቀመጠቻት፤ በጥልቀት መተንፈስንና አክታን በሳል ማውጣትንም አስለመደቻት። በአምስተኛው ቀን ባለ አራት እግሩን የመራመጃ ብረት ስታቀርብላት እናቴ ተቆጥታ «ይህን ብረት ይዤ ሰው ፊት አልወጣም» አለች። ወጣቲቱም ፈገግ ብላ «እማማ፣ በቅዳሴ ጊዜ መቋሚያ ይይዙ የለምን? ይህም እኮ መቋሚያ ነው፤ እግሩ አራት ሆነ እንጂ» አለቻት። እናቴ ሳቀች፤ ያዘችውም። ያን ቀን እስከ መስኮቱ ድረስ ስድስት እርምጃ ሄደች። ከመስኮቱም ወጣቲቱን ዞር ብላ አይታ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው፣ ልጄ?» አለች።

ዛሬ እናቴ እንደ ድሮዋ ናት አልላችሁም። ታነክሳለች፤ ረዥም መንገድም አትችልም። ነገር ግን በገዛ እግሯ ወደ ገርጂ ጊዮርጊስ ትሄዳለች፤ ሲደክማት በመንገድ ዳር ታርፋለች፤ ለእርሷ ከዚህ የሚበልጥ ጤና የለም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ከደረሰብኝ ነገር የተማርሁትን ለየቤታችሁ አደራ ልስጥ። ሰው በሐኪም ቤት በተኛባችሁ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙን «መቼ መነሣት ይፈቀድለታል? በእግሩስ ላይ ምን ያህል ክብደት ማሳረፍ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያው አይቶ ሳይፈቅድ በራሳችሁ አታንሡት፤ ከተፈቀደ በኋላ ግን በፍቅር ስም አትከልክሉት። ስታስነሡ በክንዱ ወይም በብብቱ ይዛችሁ አትጎትቱት፤ አስቀምጣችሁ ጥቂት ቆዩ፤ ነጠላ ጫማ ሳይሆን እግርን የሚይዝ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉለት። ሕመሙ ከባድ እንደ ሆነ የማስታገሻው መድኃኒት ከእንቅስቃሴው በፊት ይሰጠው ዘንድ ነርሷን ጠይቁ። ሆዱን የተቀደደ ሰው ሲስል ትራስ በቁስሉ ላይ ደገፍ አድርጎ ይያዝ። አንዱ ባቱ አብጦ፣ ጋል ብሎ ቢያመው በቅቤ እናሽልህ አትበሉ፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ወዲያው ተናገሩ። ትንፋሹ በድንገት ቢያጥር ወይም ደረቱን ቢወጋው አንዲት ደቂቃ ሳትዘገዩ ሐኪም ጥሩ። ወደ ቤቱ ሲመለስም የሚያደናቅፍ ምንጣፍ አንሡ፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ መብራት አብሩ፤ እኔ ዘግይቼ እንዳደረግሁት በደረጃው ዳር መደገፊያ አሠሩ።

በዐቢይ ጾም አራተኛውን እሑድ በመፃጉዕ ስም እንጠራዋለን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ የኖረው ያ ሰው ያዘነው በሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ከተኛበት የሚያነሣው ሰው በማጣቱም ነበር። እኛ በሽተኛችንን ከብበን እንውላለን፤ ምግብ እናጎርሳለን፤ ሌሊት እንጠብቃለን፤ ሰው አላጣም። ነገር ግን ከከበብነው መካከል የሚያነሣው አንድ ስንኳ ከሌለ፣ ብዛታችን ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል?

በመጨረሻም ለወላጆችና ለመምህራን አንዲት ቃል አለችኝ። ልጆቻችን ነርስ፣ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት ሆነው ነገ በአልጋችን አጠገብ ይቆማሉ። ያን ጊዜ እውነቱን በትሕትና ሊነግሩን እንዲችሉ ከፈለግን፣ ዛሬ በማዕዳችንና በክፍላችን በትሕትና እንዲናገሩ እናስለምዳቸው። ወጣቲቱ አሁን ሁለተኛ ዓመቷን ጀምራለች፤ ከእርሷ በኋላ ለተቀጠረው ጀማሪም እርሷ ታሳየዋለች። በቅርቡ ስታገኘኝ፣ መጀመሪያ ያስተማረችው ነገር ቆጣ ባለ አስታማሚ ፊት አለማፈግፈግን እንደ ሆነ ነገረችኝ። እኔም ምሳሌው ማን እንደ ሆነ ሳልጠይቃት አለፍሁ።

የታመሙትን ሁሉ እግዚአብሔር ይማርልን። እስከሚመጣው ወር በሰላም ቆዩ።